የኔታን ማን መዳቢ አደረጋቸው?

ልጆችን በትምህርት ቤት መለያየት በተነሣ ቁጥር የምንናገረው ስለ ልጁ ነው። ትክክልም ነው፤ ከእኩዮቹ ተነጥሎ ሌላ ክፍል፣ ሌላ መጽሐፍ፣ ሌላ ዕጣ የሚሰጠው እሱ ነውና። ይሁን እንጂ በዚያ ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ከሰሌዳው ፊት፣ አንድ ሰው ቆሞ ይውላል። እሱን ማንም አይቆጥረውም። ከፊሉ «ዘረኛ ነው» ብሎ ይረግመዋል፤ ከፊሉ «ምን ያድርግ፣ ታዞ ነው» ብሎ ያዝንለታል፤ የደረሰበትን ጉዳት መርምሮ የሚናገርለት ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ልጆችን በዘርና በድህነት የሚለያይ ትምህርት ቤት የልጁን ዕድል ብቻ ሳይሆን የመምህሩንም ሙያ ይገድላል፤ መምህርነት የሞተበት ትምህርት ቤት ደግሞ ሕንጻው ቢያምር፣ ኮምፒዩተሩ ቢበዛ፣ ማንንም አያድንም። እኛ በሬክስዴልና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆችም፣ መምህርን እናከብራለን እያልን፣ ይህን ግድያ በፊርማችን እያጸደቅን እንገኛለን።

«መለያየት» የሚለውን ቃል ለካናዳ በመጠቀሜ የሚቆጣ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ያ የአላባማ ነው፣ ያ የጆሃንስበርግ ነው ይለኛል። እንግዲህ ታሪኩን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1850 የወጣው የዚህ ክፍለ ሀገር የትምህርት ሕግ ለጥቁሮች የተለየ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ፈቀደ። በወረቀት ላይ ጥቁሮቹ ራሳቸው ሲጠይቁ የሚፈጸም ይመስል ነበር፤ በተግባር ግን ነጮች ልጆቻቸውን ከጥቁር ልጆች ለማራቅ ተጠቀሙበት። ድንጋጌው ከሕግ መጽሐፉ የተፋቀው በ1964 ነው። በኦንታሪዮ ምክር ቤት ተነሥተው ይፋቅ ያሉት ሊዮናርድ ብሬዝዌይት ነበሩ፤ በካናዳ ለሕግ አውጪ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር፤ በ1963 የመረጣቸውም ሕዝብ የኢቶቢኮ ሕዝብ ነው። ሬክስዴል ያለችበት ኢቶቢኮ! በክፍለ ሀገሩ የመጨረሻው የጥቁሮች ብቻ ትምህርት ቤት በኤሴክስ አውራጃ የተዘጋው በ1965 ነው። ይህ የአያት ቅድመ አያት ዘመን ወሬ አይደለም፤ ያን ጊዜ ተማሪ የነበሩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

ታፔላው ወረደ፤ አጥሩ ግን ቆመ። አጥሩ የቆመው በዘጠነኛ ክፍል ደጃፍ ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ ልጅ ሁሉ ይመደባል፤ አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚያደርሰው መንገድ፣ ሌላው በማያደርሰው። በ1992 ከዮንግ ጎዳና ሁከት በኋላ እስቲቨን ሉዊስ ለክፍለ ሀገሩ መሪ ለቦብ ሬይ ባቀረቡት ሪፖርት፣ ጥቁር ተማሪዎች ያለ አግባብ ወደ ዝቅተኛው ምድብ እየተነዱ መሆናቸውን በግልጽ ጽፈዋል። በ1993 የዘጠነኛ ክፍል ምደባ ቀረ። በ1999 ደግሞ ሌላ መንግሥት «አካዳሚክ» እና «አፕላይድ» የሚል የዳቦ ስም አውጥቶለት መለሰው። በ2017 የዮርክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ካርል ጄምስ ከባልደረባቸው ጋር ያወጡት ጥናት ውጤቱን በቁጥር አሳየን፤ በቶሮንቶ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከነጭ ተማሪዎች 81 በመቶው፣ ጥቁር ካልሆኑ ሌሎች ቀለም ያላቸው ተማሪዎች 80 በመቶው በአካዳሚክ ሲማሩ፣ ከጥቁር ተማሪዎች በዚያ የተገኘው 53 በመቶው ብቻ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ ድረስ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከትምህርት የታገደው ከጥቁሮቹ 42 በመቶ፣ ከነጮቹ 18 በመቶ፣ ከሌሎቹ 15 በመቶ ነው። ለመሆኑ ይህን አጥር ታፔላ ስለሌለው ብቻ አጥር አይደለም ልንለው ነው?

እኔ ይህን አጥር ታፔላ ተለጥፎበት አይቼዋለሁ። ሕክምና የተማርኩት በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ያኔ ቼኮስሎቫኪያ ትባል በነበረችው አገር ነው። እዚያ የሮማ ሕዝብ፣ እኛ በልማድ «ጂፕሲ» የምንላቸው፣ ልጆቻቸው በብዛት ወደ «ልዩ ትምህርት ቤት» ይላኩ ነበር። ልዩ የተባለው ለአእምሮ ደካሞች በመሆኑ ነው። አብረውኝ የሚማሩ ደጋግ ወጣቶች፣ ለእኔ ለአፍሪካዊው ቋንቋ በትዕግሥት የሚያስተምሩ፣ ስለ እነዚያ ልጆች ሲጠየቁ «መማር አይወዱም» ብለው ነገሩን ይዘጉት ነበር። በጨዋነት የተነገረ ነገር ነውና አያስደነግጥም፤ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው ይኸው ነው።

ከኦስትራቫ ከተማ 18 የሮማ ልጆች ጉዳያቸውን እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አደረሱት። ከ1996 እስከ 1999 ባለው ጊዜ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት የተመደቡ ልጆች ናቸው። በዚያች ከተማ የሮማ ልጅ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት የመላኩ ዕድል ከሌላው ልጅ ከ27 እጥፍ በላይ እንደነበር በማስረጃ ቀረበ። ፍርድ ቤቱም ኅዳር 13 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. በ13 ድምፅ በ4 አገሪቱን በዘር አድልዎ ጥፋተኛ አደረገ። ከዚያ ፍርድ ለእኛ ትልቁ ትምህርት ስለ ፊርማ የተባለው ነው። የቼክ መንግሥት «ወላጆቹ ተስማምተው ፈርመዋል» ብሎ ተከራክሮ ነበር። ዳኞቹ ግን፣ ምን እንደሚፈርም በቅጡ ያልተነገረው፣ ሌላ ምርጫም ያላየ ወላጅ ፊርማ ልጁ አድልዎ እንዳይደርስበት ያለውን መብት ሊያስቀር አይችልም አሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር የሬክስዴል ወላጅ ሁሉ በቤቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቅለው ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ መምህሩ ልመለስ።

ሐኪም ለሕመም ስም ሲሰጥ፣ ስሙ ስሕተት ከሆነ የሚያርመው ነገር ከፊቱ አለ። ትኩሳት ያለበትን ሰው ወባ ነው ብዬ መድኃኒት ብሰጠው፣ ትኩሳቱ ካልወረደ ሰውየው ራሱ ተመልሶ መጥቶ ያርመኛል። ሕክምናን ከጥንቆላ የሚለየው ይኸው የመታረም ዕድል ነው። ምደባ ግን እርማት የለውም። «ይህ ልጅ ጠንካራ ሒሳብ አይሆንለትም» ተብሎ ጠንካራው ሒሳብ ወደማይሰጥበት ክፍል የገባ ልጅ፣ በዓመቱ መጨረሻ ጠንካራ ሒሳብ አይችልም። መዳቢው ይህን አይቶ ትክክል ነበርኩ ይላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል አበው፤ ትምህርት ባልዋለበት ዕውቀት ፍለጋ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራ መምህር ሃያ ዓመት ልምድ አለው አይባልም፤ አንዲቱን ስሕተት ሃያ ጊዜ ደግሟት፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ማረጋገጫ ያገኘላት መስሎት ነው። መምህሩ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ስሕተቱን የሚያሳየው ልጅ ከፊቱ ስለተወሰደበት ነው።

መምህሩ የሚያምነው ነገር በልጁ ላይ እንደሚሠራ አዲስ ወሬ አይደለም። በ1968 ሮዘንታልና ጃኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በዕጣ የተመረጡ ልጆችን «እነዚህ በቅርቡ ይመነደጋሉ» ብለው ለመምህራኑ ነገሯቸው፤ በተለይ በታችኞቹ ክፍሎች ያሉት ልጆች ከእኩዮቻቸው በልጠው ተገኙ። በጥናቱ ላይ ብዙ ሙግት ተደርጓል፤ የውጤቱ መጠን አሁንም ያከራክራል። የሮማ ልጆች ጉዳይ ግን ሙግቱን ያሳጥረዋል። በቼክና በስሎቫኪያ በልዩ ወይም በተገለሉ ትምህርት ቤቶች የነበሩ የሮማ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደው በመደበኛ ክፍል ሲገቡ፣ ውጤታቸው ከአገሩ አማካይ ጥቂት ብቻ ዝቅ ብሎ እንደተገኘ በ2011 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ አእምሮው ድንበር ሲሻገር አልተለወጠም። የተለወጠው ከፊቱ የቆመው መምህር እንዲያደርግ የተፈቀደለት ነገር ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ሙያ ካልሠሩበት ይዝጋል። ቁስል ከመጠቅለል በቀር ሌላ ያልተፈቀደለት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ በጥቂት ዓመታት እጁ ይሰንፋል። ሒሳብን ከነምክንያቱ ማስረዳት የተማረ መምህርም እንዲሁ ነው፤ የሚጠበቅበት ወረቀት አባዝቶ ማደልና ክፍሉን ጸጥ ማሰኘት ብቻ ሲሆን፣ ያ ያጠናው ዕውቀት ከውስጡ ቀስ እያለ ይወጣል። ቀጥሎም በመምህራን መካከል ራሱ ምድብ ይፈጠራል፤ ነባሩና ተሰሚው የላይኛውን ክፍል ይይዛል፣ ለአዲሱና ለጊዜያዊው የታችኛው ይተርፈዋል፤ እሱም ተራው ደርሶ እስኪያመልጥ ቀን ይቆጥራል። ልጆቹ ይህን አያዩም ብሎ የሚያስብ ሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም። በመጨረሻም መምህሩ ዘበኛ ይሆናል። የመማር ተስፋ የሌለበት ክፍል በፍቅር አይገዛም፤ የሚቀረው ማስፈራሪያና እገዳ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ42 በመቶ እገዳ እንዲያው ከሰማይ አልወረደም።

በእኛው ልጆች ላይ የደረሰውን ልጥቀስ። በ2007 መጨረሻ በእስራኤል በፔታሕ ቲክቫ ከተማ፣ በአንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት አራት ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሴት ልጆች ከሌሎቹ ተለይተው በአንድ ክፍል ብቻቸውን እንደሚማሩ፣ የዕረፍት ሰዓታቸውም እንደተለየ ተጋለጠ። አንዲት መምህርት ትምህርቱን ሁሉ ለአራቱ ታስተምራቸው ነበር። አገሩ ሁሉ ስለ ልጆቹ ጮኸ፤ ሊጮህም ይገባ ነበር። እኔ ግን ስለዚያች መምህርት ሳስብ ቆይቻለሁ። በየማለዳው በሩን ዘግታ ስትገባ ለራሷ ምን ትል ይሆን? ሰው በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ ግፍ ነው ብሎ እያመነ መኖር አይችልም፤ ወይ ሥራውን ይተዋል፣ ወይ ግፉን ትክክል ነው ብሎ ራሱን ያሳምናል። አብዛኛው ሰው የቤት ኪራይ ይከፍላልና ሁለተኛውን ይመርጣል። መለያየት መጥፎ ሰዎችን ፈልጎ አይቀጥርም፤ ደህና ሰዎችን ቀጥሮ ቀስ በቀስ እንዲያምኑበት ያደርጋቸዋል።

ሦስት ተቃውሞዎች ይቀርቡልኛል። የመጀመሪያው «ልጆች እኩል አይደሉም፤ የደከመውን ከጎበዙ ጋር መቀላቀል ሁለቱንም መበደል ነው» የሚል ነው። ልጆች እኩል አለመሆናቸውን ሐኪም ከማንም በላይ ያውቃል። ነገር ግን የደከመ በሽተኛ የበለጠ ሕክምና ይሰጠዋል እንጂ ያነሰ አይሰጠውም። የታችኛው ክፍል ምርጥ መምህር፣ ጥቂት ተማሪና ብዙ ሰዓት የሚመደብለት ቢሆን ኖሮ እኔም ዝም ባልኩ ነበር።

ሁለተኛው «ሕጉ ተለውጧል፤ ምን ያነታርካል» ይላል። እውነት ነው፣ ኦንታሪዮ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብን ምደባ በመስከረም 2021፣ የቀሩትን የዘጠነኛ ክፍል ትምህርቶች በመስከረም 2022 አስቀርታለች። በጎ ሥራ ነው። ከዘጠነኛ በላይ ያለው ምደባ ግን አለ፤ ከዘጠነኛ በታች በልዩ ትምህርት ስም የሚደረገውም አለ። ደግሞም በ1993 ቀርቶ በ1999 የተመለሰ ነገር ዛሬም ሊመለስ ይችላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የመምህራኑ የራሳቸው ነው፤ እሱን አከብረዋለሁ። «ሁሉንም ልጅ በአንድ ክፍል አምጥታችሁ ረዳት ሳትሰጡን፣ የተማሪውን ቁጥር ሳትቀንሱ ትታችሁናል» ይላሉ። ትክክል ናቸው። አጥሩን አፍርሶ ፍርስራሹን በመምህሩ ትከሻ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። በአሜሪካ ከ1954ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲቀላቀሉ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ጥቁር መምህራንና ርእሳነ መምህራን ከሥራ ተባረዋል፤ ልጆቹ ሲገቡ መምህሮቻቸው ወጡ። እንዲህ ያለ ዕዳ እንዳይደገም የምንፈልግ ከሆነ ከመምህራኑ ጎን ቆመን ያነሰ ክፍል፣ የበለጠ ረዳት መጠየቅ አለብን። መልሱ ወደ ምደባ መመለስ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ፤ እዚህ ላይ ቃሌ ይመር ይሆናል። በኪፕሊንግና በአልቢየን መንገዶች አካባቢ የምትኖር እናት ከትምህርት ቤት የመጣ ቅጽ ይዛ ወደ ክሊኒክ ትመጣለች። «ዶክተር፣ እስቲ ይዩልኝ፣ ፈርሚ ብለውኛል» ትላለች። ሳየው ብዙ ጊዜ ፊርማዋ ከታች ሰፍሯል። «መምህሩ ካለ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ነው» ትለኛለች። ይህ አክብሮት ነው፤ ከአገር ቤት ያመጣነው መልካም ነገር ነው። የከበረው ግን የትኛው መምህር ነው? የኔታ ማለት የኔ ጌታ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አንዱ ሀ ሁ ሲቆጥር፣ ሌላው አቡጊዳ ሲል፣ ሌላው ዳዊት ሲደግም፣ ሁሉም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ነበሩ፤ ትልቁ ትንሹን ያስቀጽላል፣ የኔታም ሁሉንም በጆሯቸው ይከተላሉ። አለንጋቸውን አልረሳሁም፤ ሴት ልጅን አብዛኛውን ጊዜ እንደማያስጠጉም አውቃለሁ። ቢሆንም የመጣውን ልጅ በመጀመሪያው ቀን አይተው «ይህ ዳዊት አይደርስም» ብለው በሌላ በር አይሸኙትም ነበር። እኛ የኔታን የምናከብርበትን አንገት ደፍተን የምንፈርመው ለሌላ ሥራ፣ ለመዳቢነት ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ከእኛ መካከል ከሶማሌውና ከጃማይካው ጎረቤት ልጅ ልጁን ለማራቅ ሲል ሰፈር የሚቀይር፣ ትምህርት ቤት የሚያማርጥ፣ «ልጄን ከእነዚያ ጥቁሮች ጋር አታስቀምጡብኝ» የሚል አባት አለ። ወንድሜ ሆይ፣ ቁጥሩን እንደገና አንብበው። ያ 53 በመቶ፣ ያ 42 በመቶ «ሐበሻ» የሚል የተለየ መደብ የለውም። በመዝገቡ ላይ ልጅህ ጥቁር ነው። ከአጥሩ ለማምለጥ ብለህ አጥሩን ስታጠብቅ የተገኘኸው ከውስጥ ሆነህ ነው። ጣሊያን በኤርትራ የአገሬውን ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ አላስተምርም ሲል አባቶቻችን ነገሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋቸውም። እኛ ደግሞ በጣና ዳር ወይጦን፣ በከፋ ማንጃን፣ በየአገሩም ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ከማዕድና ከጋብቻ ስናርቅ የኖርን ሰዎች ነን። ያን ልማድ በሻንጣችን ይዘን መጥተን እዚህ እንደ አዲስ ልንለብሰው አይገባም።

ምን እናድርግ? ከባድ ነገር አልጠይቅም። ልጅን በልዩ ትምህርት ስም የሚመድበው ኮሚቴ የሰጠውን ውሳኔ ያልተቀበለ ወላጅ በ15 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ስብሰባ፣ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ መጠየቅ ይችላል። ሳይፈርም፣ ይግባኝም ሳይል ዝም ካለ ግን ቦርዱ ምደባውን ሊፈጽመው ይችላል፤ ስለዚህ እዚህ አገር ዝምታም ፊርማ ነው። አስተርጓሚ ይጠየቅ። ከመፈረም በፊት ለመምህሩ በጨዋነት ሦስት ጥያቄ ይቅረብ፤ ልጄ ምን ሲያቅተው ታየ? በዚህ ክፍል ገብተው ወደ መደበኛው የተመለሱት ስንት ናቸው? ውሳኔው ስሕተት ቢሆን በምን፣ መቼ ይታወቃል? ሐቀኛ መምህር በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም፤ ሙያው ራሱ የሚጠይቃቸው ናቸውና። ዕድሮቻችንና አብያተ ክርስቲያኖቻችን ለለቅሶና ለበዓል አዳራሽ እንደሚያገኙ ሁሉ፣ የኮርስ መምረጫ ቅጽ በሚሞላበት በጥርና በየካቲት አንድ ቅዳሜ ለወላጆች ያውሉ። ከመካከላችን በቶሮንቶ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ እነሱን ጠርተን እንስማቸው። በቦርዱ ስብሰባም ክፍል እንዲያንስ፣ ረዳት እንዲጨመር መምህራኑ ሲጠይቁ ከኋላቸው ተሰልፈን እንገኝ።

የመጪው ዓመት ቅጽ ወደየቤታችን መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ በዚያው ምሽት አንፈርመው። መምህሩን ቀጠሮ ጠይቀን፣ ከፊቱ ተቀምጠን፣ ልጃችንን እንዲያስተምርልን እንለምነው።